ለሕያው አይጻፍም

የእኔን የልብስ ስፌት ቤትና የእትዬ አልታየችን የጽሑፍ ሱቅ የሚለያቸው አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው። እሷ ስታነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ፤ የእኔ መኪና ክር በጥሶ ስራገም እሷ ከማዶ ትስቃለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ያቀራርባል ይላሉ። እኔ እንኳ እዚህ ጠባሴ ሰፈር ያቀራረበን የሱቅ ኪራይ መወደድ ነው ባይ ነኝ። የሆነ ሆኖ ብዙ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስለኖርን፣ ስለ እሷ ማንም አወራ ማን እኔ ሳልጨምርበት አይቀርም።

እትዬ አልታየች የአንኮበር ልጅ ናት። ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣት ባሏ ለተጊዮርጊስ ነው። የሱቅ ስም፣ የንግሥ በዓል ማስታወቂያ፣ የመቃብር መስቀል ላይ የሚሰቀል የላሜራ ሰሌዳ፣ ሁሉን በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ነበር። እሷ ቀለም ትበጠብጣለች፣ ጨርቅ ትወጥራለች፣ መስመር ታሰምራለች። እሱ ታሞ ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ብሩሹንም መሰላሉንም ሸጣ ወደ አገሯ እንድትመለስ መከራት። ምክሩን በጥሞና አዳመጠች፣ እንግዶቹን አብልታ ሸኘች፣ በማግስቱ ሱቁን ከፈተች። አንድ ልጇን ሠረቀብርሃንን ያሳደገችው በዚያ ብሩሽ ነው።

አማርኛ ስትጽፍ እጇ ያምራል። እንግሊዝኛ ግን አታነብም ነበር፤ ይህንንም አትደብቅም። «እንግሊዝኛ አልጽፍም፣ እሥላለሁ» ትላለች። ደንበኛ ናሙና ይዞላት ይመጣል። እሷ እያንዳንዱን ፊደል በብራና ላይ እንዳለ ሐረግ አስተውላ ትገለብጠዋለች። ማተሚያ ቤቶቹ በየመንገዱ ከተከፈቱ በኋላ እንኳ የእሷን እጅ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አልጠፋም። የምትገለብጠው ነገር ምን እንደሚል ግን አትጠይቅም ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

መምህር ገብረአማኑኤል ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ግማሹን ከተማ በኩርኩም ያሳደጉ ሰው ናቸው። እኔንም ጭምር። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ሽኝት አዘጋጁና ባነር እንዲያሠራ አንዱን ወደ እትዬ አልታየች ላኩት። ሰውየው ፌስቡክ ላይ ያየውን አንድ ያማረ ምስል በስልኩ ይዞ መጣ። መሀል ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ፣ ዙሪያውን ነጭ አበባ፣ በስተግራ የበራ ሻማ፣ ከታች በወርቃማ ቀለም ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ። ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ፣ ፎቶውንና ስሙን ብቻ ቀይሪ አላት። ቀየረች። ሻማውን እንኳ አልተወችም።

ሽኝቱ ላይ እኔም ነበርኩ። መምህር ከነባለቤታቸው ገብተው የክብር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው ባነሩን አነበቡ። በወርቃማ ቀለም «ሬስት ኢን ፒስ» ይላል፣ ከሥሩ የእሳቸው ስም። ያን ያህል አስተማሪ ባለበት ቀድሞ ያየው መጥፋቱ ዛሬም ይደንቀኛል፤ አይተው ከሆነም አፍረው ዝም ብለዋል። መምህር ንግግር አድርጉ ሲባሉ ተነሡና፣ ሰው የሚመሰገነው ከሞተ በኋላ ነበር፣ እኔ ግን ይኸው ቁጭ ብዬ ሰማሁት አሉ። አዳራሹን ሳቅ ሞላው። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም፤ አማተቡ።

ወሬው እትዬ አልታየች ጋ ሲደርስ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱ መምህር ራሳቸው ወደ ሱቋ መጡ። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟትና ባነሩን እንደማይመልሱት፣ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ማሠራት እንደማያስፈልግ ነገሯት። ከዚያ ቀልዱን ትተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ አስተማሯት። የመጀመሪያው ዕረፍ ማለት ነው፣ የመጨረሻው ሰላም ነው፣ መሀል ያለችው ትንሿ አያያዥ ናት።

«ይኼ የሚጻፈው ላረፈ ሰው ነው፣ አልታየች» አሏት። «ለሕያው አይጻፍም። በሕይወት ላለ ሰው ተጽፎ ካየሽ፣ የጻፈው ተሳስቷል ማለት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንግሊዝኛ ሁሉ እነዚያን ሦስት ቃላት ታነብ ነበር። ሌላውን ትሥላለች፣ እነሱን ታነባለች። የመቃብር ሰሌዳ የሚያሠራ ሰው ያቺ እንግሊዝኛም ትግባበት ሲላት፣ በፊት የማትጠይቀውን መጠየቅ ጀመረች። ሰውየው ሞቷል? ቤተሰቡ መርዶውን ሰምቷል? ተቀብሯል? ሁሉም አዎ ካልተባለ ብሩሽ አታነሣም። ደንበኛ ይናደዳል፣ አንዳንዱ ጥሎ ይሄዳል። እኔም «እትዬ፣ ሐኪም ነሽ ወይስ ጸሐፊ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ጽፋ ስትጨርስም ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታደርቀው። ያልሰማ ዘመድ በመንገድ ሲያልፍ እንዳያይ ነው። መርዶ በሽማግሌ አፍ እንጂ በቆርቆሮ አይነገርም ትላለች።

ሠረቀብርሃን እናቱን የሚመስል ሳቂታ ልጅ ነበር። ብሩሹን አልወደደውም። መንጃ ፈቃድ አወጣና አይሱዙ ላይ ተቀጠረ። ከአረርቲ ጤፍና ሽንብራ፣ ከመዘዞ በግ፣ ያገኘውን እየጫነ ይመላለሳል። የመኪናው ባለቤት የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ የነጋዴው ልጅ ጃፈር ደግሞ ከሠረቀብርሃን ጎን የማይጠፋ ጓደኛው ነበር። ጃፈር ደብረ ብርሃን ሲያመሽ የሚያድረው እትዬ አልታየች ቤት ነው። እሷም ወጥ ስትሠራ የእሱን ሥጋ ከሙስሊም ልኳንዳ አስገዝታ፣ በሌላ ድስት ለይታ ትሠራለታለች። እሱ እንደ እኛ እትዬ አይላትም። እማ ነው የሚላት።

ስልኩን የገዛላት ሠረቀብርሃን ነው። ደንበኞች ናሙናቸውን በቴሌግራም ይላኩልሽ ብሎ ነበር ያመጣው፤ እሷ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትከፍተው ፌስቡኩን ነው። ልጇ ከመንገድ ፎቶ ይለጥፋላ። አረርቲ ገበያ ላይ ቆሞ፣ አንኮበር አፋፍ ላይ ደመናው ከእግሩ በታች ሆኖ፣ ከጃፈር ጋር ምሳ እየበላ። ቀትር ሲሆን ብሩሿን አስቀምጣ፣ እጇን በጋዝ ጠርጋ ታየዋለች። ከዚያ «ምሳውን በልቷል» ብላ በግድግዳው ትነግረኛለች። የራሷን ምሳ ዕቃ የምትከፍተው ይህን ካየች በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጃፈር ደወለልኝ። ድምፁን አላወቅሁትም። ሠረቀብርሃን ይነዳው የነበረው መኪና ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገብቷል። ጃፈር በሌላ መኪና ከኋላው ነበር። ወርዶ ያወጣው እሱ ነው፣ ያረፈውም በእሱ እጅ ላይ ነው። አስከሬኑ ለምርመራ ስለሚቆይ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ እማን አደራ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትሰማ አለኝና ማውራት አቃተው።

የመርዶ ወግ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ በሩ የሚንኳኳው ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ከሐዘንተኛው ጋር ሲስቅ ሲጫወት ይውላል። አሁን አሁን ግን በወጉ ላይ አንድ ሥራ ተጨምሯል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሐዘንተኛውን ስልክ መውሰድ። ፌስቡክ ሽማግሌ አይጠብቅም። ሰው ገና ሳይገነዝ ፎቶው ከነሻማው ይወጣል፣ ከሥሩ መቶ ሰው ያለቅሳል፣ እናቱ ግን ሽሮ እያማሰለች ነው። አፉን መያዝ ያቃተው ሰው ጣቱን ቢይዝ ምን አለበት?

ለእድሩ ሰዎች ስነግራቸው ስልኩን እንዳመጣ የላኩት እኔኑ ነው። ስገባ ቀትር አልፏል፤ እትዬ አልታየች የአንድ ዳቦ ቤት ስም በግማሽ ጽፋ ከሰሌዳው ፊት ቆማለች። ብሩሹ በእጇ ላይ ደርቋል። ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ ያንቺን እስከ ነገ አውሺኝ አልኳት። ውሸቴ ለራሴም አላማረኝም። እሷ ግን አላመነታችም። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ የነበረውን ስልክ አንሥታ ሰጠችኝ፣ ዛሬ አልፈልገውም አለች። ምሳ ዕቃዋ እንደተከደነ ነበር። እኔ ቀድሜ ደረስኩ ብዬ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ወጣሁ።

አልቀደምኩም። አይታዋለች።

የለጠፈው ጃፈር ነው፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ጓደኞቻቸው ከደነባም ከመዘዞም እየደወሉ እውነት ነወይ ሲሉት፣ ለአንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ሲደውል፣ አንድ ቦታ ጽፎ ሊገላገል ፈለገ። በአማርኛ ቢጽፍ እማ ታነበዋለች። ኢናሊላሂ ብሎ ቢጽፍም ያው ነው፤ ሰው ሞተ ሲባል ከራሱ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። እንግሊዝኛ ግን እንደማታነብ፣ እንደምትሥል ብቻ፣ እየሳቀች የነገረችው እሷው ናት። የባነሩ ጉዳይ ሲሆን ገና አልተዋወቁም ነበርና ታሪኩን አያውቅም። ስለዚህ ሠረቀብርሃን የሚስቅበትን ፎቶ መረጠና ከሥሩ ሌላ ምንም ሳይጨምር እነዚያን ሦስት ቃላት ጻፈ። እንግሊዝኛውን የመረጠው ከእሷ ለመደበቅ ነው። ከእንግሊዝኛ ሁሉ ደግሞ እሷ የምታነበው እነዚያን ብቻ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የምቆጣው ሰው አጣለሁ። ጃፈር ዛሬም ደብረ ብርሃን ሲያመሽ እሷ ቤት ያድራል። ፌስቡክ የሚባለውን ከስልኩ አጥፍቶታል። እሷ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣችበትም።

ያን ዕለት የሆነችውን ለእኔ የነገረችኝ ከተዝካሩ በኋላ ነው። ፎቶውን አየች፣ ቃላቱን አነበበች። አልጮኸችም። መጀመሪያ የመጣላት የመምህር ገብረአማኑኤል ባነር ነው። ያም ሰው አበባ ተደርጎለት፣ ሻማ በርቶለት፣ በራሷ እጅ እንዲሁ ተጽፎበት ነበር፤ ዛሬም ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጇ ያልፋሉ። ጃፈር እንግሊዝኛ ምን ያውቃል? ያማረ መስሎት ከሌላ ሰው ገልብጦት ይሆናል። ጓደኛውን ሊያወድስ ብሎ ይሆናል። በሕይወት ላለ ሰው ተጽፎ ካየሽ የጻፈው ተሳስቷል ተብላ የለ? እሷ ራሷ የተሳሳተችውን ጃፈር የማይሳሳትበት ምን ምክንያት አለ? ይህን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ዋለች። ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር፣ አልደወለችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካልጠየቀች የሚመልስላት የለም፤ እስካልተመለሰላት ድረስ ልጇ በመንገድ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጫለሁ። ዝም ካልኩ ትጠረጥራለች ብዬ ጨርቅ ሳላስገባ መኪናዬን እረግጣለሁ። መርፌው ባዶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። የጎረቤት ሴቶች ብቻዋን እንዳትሆን በሰበብ በሰበብ ይገባሉ፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ ስለ ልጇ ሳል ልታማክር። እሷ ለሁሉም በወጉ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ በግድግዳው ጠራችኝ። ዛሬ አንኮበር ላይ ጉም ይኖር ይሆን ወይ አለችኝ። የለም፣ ፀሐይ ነው አልኳት። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ።

ሱቁን ዘግታ ወደ ቤቷ ስትገባ ባለቤቴ ሥርጉት አብራት ገባች። ሥርጉት ራት ላይ ወደ ቤታችን ብቅ ብላ ያየችውን ስትነግረኝ ግራ ተጋብታ ነበር። እትዬ አልታየች ግቢውን ጠርጋለች። ጥግ ላይ የተከመረውን የላሜራ ቁራጭና የቀለም ጣሳ አንድ ሳይቀር ወደ ጓዳ አግብታለች፤ ግቢው ድንኳን መትከል እስኪቻልበት ድረስ ባዶ ሆኗል። ነጠላዋን አጥባለች። ይህን ጨርሳ ደግሞ የሠረቀብርሃንን አልጋ አነጠፈች፣ ራቱን ቀንሳ ከደነችለት። «ግቢውን ሳየው ሰምታለች አልኩ፣ ሳህኑን ሳየው አልሰማችም አልኩ» አለችኝ ሥርጉት። ከዚያ በራሷ ስልክ ጃፈር የለጠፈውን አሳየችኝ። ቃላቱን አንብቤ የተለጠፈበትን ሰዓት አየሁ። የተለጠፈው እኔ ስልኩን ከመውሰዴ በፊት ነው።

ጎህ ሲቀድ መንገዱ ጥግ ላይ ተሰበሰብን። ንፋሱ ፊት ይቆርጣል። የንስሐ አባቷ አሉ፣ የእድሩ ዳኛ አሉ፣ ከአንኮበር በሌሊት የመጡ ወንድሞቿ አሉ። ከሁሉ በላይ ስለምታከብራቸው ይንገሯት ተብለው የተመረጡት መምህር ገብረአማኑኤል ናቸው። ጠጋ ብዬ ጃፈር የጻፈውን ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፊት ፊት ሄዱ።

በሩ ሳንደርስበት ተከፈተ። እትዬ አልታየች ለብሳ፣ ያጠበችውን ነጠላ አጣፍታ ቆማለች። ግቢውን የሞላውን ሰው አላየችም። ወንድሞቿንም፣ ከኋላ ፊቱን ትከሻው ላይ በጣለው ሽርጥ የሸፈነውን ጃፈርንም አላየችም። ያየችው መምህርን ብቻ ነው። እሳቸውን ስታይ ፊቷ በራ። እኛ ሁላችን ለለቅሶ ቆመን የእሷ ፊት በራ፤ ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። መምህር እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«መምህር፣ እርስዎም ላይ ተጽፎ ነበር» አለች። «ይኸው ቆመዋል።»

ከእኔና ከእሳቸው በቀር የገባው ሰው አልነበረም። ካህኑ ወደ እኔ ዞረው ምን ማለቷ ነው በሚል ዓይን አዩኝ።

«ጃፈር እንግሊዝኛ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «እንደ እኔ ተሳስቶ ነው የጻፈው፣ አይደል? እርስዎ አስተማሪ ነዎት። ተሳስቷል ይበሉኝ።»

መምህር ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጇን ያዙ፤ ጥፍሯ ሥር የዳቦ ቤቱ ቀይ ቀለም ደርቋል። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

«አልተሳሳተም፣ አልታየች» አሉ። «ልክ ነው የጻፈው።»

ደንበኛ የስሙን አጻጻፍ ሲያረጋግጥላት እንደምታደርገው ራሷን አንዴ ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ብላ የተከደነውን ሳህን አየችው። የጮኸችው ይሄኔ ነው።